በኪሎ የተገዛ ንፋስ

እኛ ሕንፃ ውስጥ አንድ ቀልድ አለ፤ ጋሼ ሚዛን ሰውን የሚያምኑት ሞቶ ሲቀበር ነው፣ ያውም ሳጥኑ መጀመሪያ ከተመዘነ።

ሥራቸው እንዲህ አደረጋቸው እንጂ ክፉ ሰው አይደሉም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከገበያ ገበያ እየዞሩ የነጋዴ ሚዛን የሚፈትሹ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሰሃን ሥር የተለጠፈ ማግኔት፣ ሆዱ የተቦረቦረ የሚዛን ድንጋይ፣ በቀጭን ክር የሚጎተት ክንድ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዩት ይህንን ነው። እኔ ቤት ሻይ ሊጠጡ ሲገቡ እንኳ ስኒውን አንስተው ማስቀመጫውን ይገለብጡታል።

«ምን ጠፋብዎት ጋሼ?» እላቸዋለሁ።

«ኧረ ምንም» ይላሉ ቅር ብሏቸው። ቅር የሚላቸው ምንም ስላላገኙ ነው።

የምንኖረው ላይኛው ፎቅ፣ ከቆርቆሮው ሥር ነው። ድሮ አንድ ሰፊ ክፍል የነበረውን ባለቤቱ በቺፑድ ለሁለት ከፍሎት፣ አንዱን ግማሽ ለእኔ፣ ሌላውን ለጋሼና ለባለቤታቸው ለእትዬ አከራየው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የእኔን ግማሽ የስፌት መኪናዬ፣ የመቁረጫ ጠረጴዛዬና እስከ ጣሪያ የተቆለለ ጨርቅ ይዘውታል። እነሱ አልጋ፣ ቁም ሣጥንና አንድ ጠረጴዛ አላቸው፤ አንደኛው ልብስ ሲቀይር ሌላው አልጋ ላይ መውጣት አለበት። ብርድ ሲመጣ ቤት ውስጥ ተቀምጠን የራሳችንን ትንፋሽ እናያለን። ሙቀት ሲመጣ ደግሞ ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ እየተንጣጣ ያበስለናል።

እንዲህም ሆኖ ሰው ይኖራል። ችግር የመጣው የጋሼና የእትዬ አንድያ ልጅ ስታረግዝ ነው። ባሏ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤቱ የሚገኘው እንደ እንግዳ ነው። በመጀመሪያ ልጇ ብቻዋን ልትታረስ አይሆንላትም፤ ስለዚህ ወልዳ ከሆስፒታል ስትወጣ የሚጠብቃት ቤት ሁለት ነበር። ወይ እዚህ፣ ወይ የባሏ እናት ዘንድ። የባሏ እናት ቤት ሰፊ ነው፤ በየክፍሉ የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ ማሽን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ልጅቷ ግን የፈለገችው የራሷን እናት ነው። አንድ ቀን ሆዷን ደግፋ ደረጃውን ወጣች፣ ክፍሉ መሐል ቆመች፣ ትንፋሿ ሲጨስ አየችና እንዲህ አለች፦

«እማዬ፣ ሕፃን ይዤ በረዶ ቤት አልገባም። አባዬ ቤቱን ካሞቀው እዚሁ እመጣለሁ። እስከ ሙቀቱ ወራት ስለምቆይ፣ ያን ጊዜ ደግሞ የሚያቀዘቅዝ ይሁን። ካልሆነ እነሱ ጋ እሄዳለሁ። አትቀየሙኝ።»

እትዬ አልተቀየሙም። በማግሥቱ በረንዳው ላይ ልብስ ሲያሰጡ አገኘኋቸውና ዓይናቸው አብጦ አየሁ።

«የልጅ ልጄ እኔን የሚያውቀኝ በእንግድነት ሊሆን ነው» አሉኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከረሜላ ይዛ ብቅ የምትል አሮጊት።»

ጋሼ «እገዛለሁ» አሉ። ከዚያ ማጣራት ጀመሩ። ጋሼ ማጣራት የሚሉትን ሌላው ሰው መጣላት ይለዋል። እትዬ ይህን ስለሚያውቁ እኔን ለመኑኝ፦ «አብረሽው ሂጂልኝ እታለም። ብቻውን ከሄደ ወይ ባዶ እጁን ይመጣል፣ ወይ ተደብድቦ።»

ሄድን። ሻጩ ከረባት ያሠረ፣ ሲስቅ ድዱ ሳይቀር የሚታይ ሰው ነበር። ጋሼ ገና ከበሩ ጥርሱን መቁጠር ጀመሩ።

«ክፍልዎ ምን ያህል ይሰፋል አባት?» አላቸው።

«አንተ ምን ያደርግልሃል?»

«የሚመጥነውን ማሽን እንዳሳይዎት ነዋ።»

«መጀመሪያ ዋጋውን ንገረኝ። ክፍሌን ካወቅህ በኋላማ ዋጋው ከክፍሌ ጋር ይሰፋል።»

ሰውየው ታገሠ። መጀመሪያ ፋን ያላት ትንሽ የሽቦ ማሞቂያ አሳየን፤ ከሁሉም ርካሽ እሷ ነች። ጋሼ እጃቸውን ከፊቷ ዘርግተው «ይቺ ፊት ለፊቷ ያለውን ታቃጥላለች፣ ከጀርባዋ ያለውን ትረሳዋለች። ሕፃኑን እንደ ዳቦ እያገላበጥኩ ልጠብሰው ነው?» አሉ። ቀጥሎ ጎማ ያላት፣ ከኋላዋ እንደ ዝሆን ኩምቢ ያለ ወፍራም ቱቦ የወጣላት መጣች። ቱቦው በመስኮት ይወጣል ተባለ።

«መስኮት ከፍቼ ቤት ላሞቅ?» አሉ ጋሼ። «ሰፈሩን እኮ ነው የማሞቀው! መንገደኛ ሁሉ እየመረቀኝ ያልፋል።»

«ደግሞስ ይቺ ቦታ ከያዘች የሕፃኑ አልጋ የት ይገባል?» አልኩ እኔ። በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማማን።

መስኮት ላይ የምትገጠመዋም አልሆነችም። መስኮታቸው አንዲት ናት፤ እሷን ከደፈኗት እትዬ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርተው ሊውሉ ነው። መጨረሻ ላይ ሻጩ ከመደርደሪያ አንዲት ነጭ፣ ቀጠን ያለች ማሽን አወረደ።

«ይቺ ለጠባብ ቤት የተሠራች ናት። ግድግዳ ላይ ትሰቀላለች፣ መሬት አትይዝባችሁም። ሞተር የያዘችው ጓደኛዋ ውጭ ትሆናለች። በብርድ ታሞቃለች፣ በሙቀት ታቀዘቅዛለች። አንድ ማሽን፣ ሁለት ሥራ።»

«ሁለት ምላስ እንዳለው ሰው» አሉ ጋሼ። ከዚያ ከቦርሳቸው መንጠቆ ያለውን የእጅ ሚዛናቸውን አወጡ። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ማሽኗን በገመድ አሥረው፣ መንጠቆው ላይ ሰቅለው፣ እንደ በግ ታፋ ከፍ አደረጓት።

«አባት፣ ይሄ እኮ በኪሎ አይሸጥም» አለ ሻጩ፤ አሁን ድዱ ተከድኗል።

«በኪሎ የማይሸጥ ነገር የለም። የማይነገር አለ እንጂ።» ሚዛኑን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቀላል ናት። ውስጧ ባዶ ነው።»

«መቅለሏ እኮ ነው ጥሩነቷ!»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማሽ? ጉድለቱን ምርቃት አደረገው።»

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፣ «ይቺ ትበቃችኋለች ጋሼ፣ ይውሰዷት» አልኩ። መንገድ ላይ እንደወጣን ቆም ብለው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ያ ሰውዬ ለምንድነው የሳቀልሽ?»

«ለጨዋነት ነዋ።»

«እኔ ጨዋ አይደለሁም እንዴ? ለእኔ ያልሳቀ ለአንቺ ምን አሳቀው? ደግሞ ‹ይውሰዷት› ያልሽው ፈጥነሽ ነው። ምን ሊጥልልሽ ነው?»

«ኧረ ጋሼ! እኔ ደላላ ነኝ?»

«አላልኩም። ጠየቅኩ እንጂ» አሉና ቀድመውኝ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ነው የዞሩት። ደረጃ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር «ገዙ?» እላለሁ፤ «እያጣራሁ ነው» ይላሉ። የአንዱ ሱቅ ካርቶን አንዴ ተከፍቶ የተዘጋ ነው። የሌላው ሱቅ፣ መብራት አትበላም የሚለው ተለጣፊ ኮከብ በምራቅ የተለጠፈ ነው። ዋስትና እሰጣለሁ ያለው ሰውዬ ራሱ ሱቁን ገና ትናንት ነው የከፈተው። የልጅቷ ሆድ እየገፋ፣ ብርዱ እየበረታ፣ ጋሼ እያጣሩ ቀጠሉ።

ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ይተላለፋል መሰለኝ እኔንም ያዘኝ። ስፌት ላይ ቁጭ ብዬ ከወዲያ በኩል ግድግዳው ኳ ኳ ይላል። ከዚያ ዝም። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ኳ ኳ። ዝም። ምንድነው የሚያደርጉት? አንድ ቀን መኪናዬን አቁሜ፣ በጣቴ ተራምጄ ሄድኩና ጆሮዬን ቺፑዱ ላይ ለጠፍኩ። ከወዲያ የጋሼ አፍንጫ ሲተነፍስ ሰማሁ። እሳቸውም ጆሯቸውን ለጥፈዋል! ሁለት ያረጀን ሰዎች በአንድ ሳንቃ ግራና ቀኝ ተለጥፈን፣ ማን ቀድሞ እንደሚንቀሳቀስ ስንጠባበቅ ቆየን። የቺፑዱ ብናኝ አፍንጫዬ ገባና አስነጠሰኝ።

«ይማርሽ» አሉኝ ከወዲያ።

«ያኑርዎት። ምን እየሠሩ ነው ጋሼ?»

«ምንም። አንቺስ?»

«ምንም።»

ያን ዕለት ነው ነገሩን በሌላ መንገድ ማሰብ የጀመርኩት። ሰውየው ማሽን አጥተው ሳይሆን፣ ልጅቷ እንድትመጣ ባይፈልጉስ? ጡረታቸውን በጸጥታ ለመኖር ለምደዋል። ሕፃን ደግሞ ጸጥታ አያውቅም። ይህንን በሆዴ ይዤ መቅረት ነበረብኝ፤ ግን እትዬ ደረጃ ላይ ባልዲ ይዘው ሲያርፉ አገኘኋቸውና አመለጠኝ።

«እትዬ፣ ጋሼ ልጅቷ እንድትመጣ የፈለጉ ይመስልዎታል?»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ባልዲውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት።

«እኔም እሱን ሳስብ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አርባ ዓመት አብሬው ተኝቼ፣ አሁን ጀርባውን ሲሰጠኝ ምን ሊያስብ ነው እላለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ዕድሜዬ!»

የተናገርኩትን መልሼ ብውጠው በወደድኩ።

ጋሼ በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሪና ሁለት ተሸካሚ አስከትለው መጡ። ጋሪው ላይ የነበረው ነገር በላብ ደረጃውን ሲወጣ ሕንፃው በሙሉ በር ከፍቶ አየ። ቁም ሣጥን የሚያህል፣ ቀለሙ ቢጫ ጥርስ የመሰለ አሮጌ ማሽን ነው። ከአንድ የፈረሰ ሆቴል አዳራሽ ወጥቶ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ግቢ ውስጥ የተቀመጠ።

«እንዲህ ነው ዕቃ!» አሉ ጋሼ መዳፋቸውን ጀርባው ላይ እየመቱ። ፊታቸው በርቷል። «ግቢው ውስጥ ያለውን ሁሉ መዘንኩ፤ የሚደርስበት የለም። የውስጡ ብቻ ሚስቴን ያህላል።»

«እኔን መቼ መዝነኸኝ ታውቃለህ?» አሉ እትዬ ከበሩ።

«በዓይኔ።»

«ዓይንህ ይጥፋ!»

እትዬ ግን ሳቁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቁ አየሁ። እኔም ወደ ክፍላቸው ገባ ብዬ ግድግዳውን አየሁና አፈርኩ። ቺፑዱ ላይ ከላይ እስከ ታች በእርሳስ የተሠሩ ምልክቶች ነበሩ፤ እንጨቱ ያለበት፣ ባዶው ያለበት፣ ሁሉም ተለይቷል። ያ ሁሉ ኳ ኳ ማሽን የሚሰቀልበትን ቦታ ፍለጋ ነበር። ሰውየው ለካ ከመጀመሪያውም ልጃቸውን ሲጠብቁ ነበር።

«ባለሙያ ይጥሩ ጋሼ፣ ይሄ ከባድ ነው» አልኳቸው።

«ባለሙያ የሚመጣው ደህናውን ዕቃ አውጥቶ የሞተውን ለመግጠም ነው።»

ራሳቸው ሊሰቅሉት ቆረጡ። በማግሥቱ ተሸካሚዎቹን መልሰው ጠሩ። በእኔ በኩል አንዲት ደንበኛ የሠርግ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጎኗ በመርፌ ቁልፍ ተወጥሮ፣ መስታወት ፊት ቆማ ነበር። ከመስታወቱ በላይ መጀመሪያ የድሪል ጫፍ ብቅ አለ። ደንበኛዬ «ይሄ ምንድነው?» አለች። «ጎረቤት ነው» አልኳት። ቀጥሎ አራት የብሎን ጫፎች እንደ ጥርስ ወጡ። ቀጥሎ ከወዲያ «ያዝ! ያዝ! ልቀቀው አሁን!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ለቀቁት።

ግድግዳው መጀመሪያ አቃሰተ። ከዚያ የላይኛው ቺፑድ ከነእንጨቱ ወደ እኔ ዘመም አለ፣ መስታወቴ ወርዶ ደቀቀ፣ ማሽኑም በብናኝ ደመና ታጅቦ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ። ደንበኛዬ እየጮኸች ቀሚሷን ሰብስባ በሩን ያዘች። አቧራው ሲገፈፍ ከቀዳዳው የጋሼ ፊት ብቅ አለ፤ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ ሆኗል። «ተረፋችሁ ወይ?» የሚሉ መስሎኝ ነበር።

«ይሄን ግድግዳ ከወዲያ በኩል የቦረቦረው ማነው?» አሉ።

በዚያው በእነሱ በኩል በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ነበረች። ከሐኪም እየተመለሰች፣ ሰሞኑን ትወልጃለሽ ተብላ፣ ለእናቷ ልትነግር መምጣቷ ነው። አባቷን ነጭ ሆነው አየች፣ ቀዳዳውን አየች፣ በቀዳዳው እኔን አየች። ብርዱ ከእኔ ክፍል ወደ እነሱ፣ ከእነሱ ወደ እኔ ይመላለሳል። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«አባዬ፣ ተወው በቃ» አለች። «አትድከም። አማቴ ክፍሉን አዘጋጅታለች። አንተን ማንም ጥፋተኛ አይልህም።»

የደረጃውን ብረት እየያዘች ወረደች። ጋሼ ብናኙን ከፊታቸው ሳይጠርጉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ተሸካሚዎቹም በጸጥታ ወጡ።

እኔና እትዬ በቀዳዳው ግራና ቀኝ ስብርባሪ መጥረግ ጀመርን። ጋሼ ውኃ ሊቀዱ ወጡ መሰለኝ፣ እትዬ መጥረጊያቸውን ደገፍ ብለው በቀዳዳው አዩኝ።

«ልጅቷ ጨቅላ ሳለች የከሰል ምድጃ ገዝተን ነበር» አሉ። «ጭስ የለውም፣ ለሕፃን ነው የተሠራ ብሎ ነው የሸጠልን። ሲስቅ ደግሞ! ሠርግ ቤት የገባ ይመስል ነበር። ጭሱማ አልታየም። ልጅቷ ከንፈሯ ጠቁሮ አገኘናት። እሱ አቅፏት እስከ ሐኪም ቤት ሮጠ፤ እስኪያተርፏት በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ሰው ሲስቅ ሥሩን የሚገለብጠው። ሥራው ነው ይላሉ ሰዎች። ሥራው አይደለም።»

ከዚያ በኋላ የጠረግኩትን አላውቀውም። ኮቴን ደርቤ ወረድኩና ለደንበኞቼ ማቀዝቀዣ የሚሠራውን ቴክኒሻን ይዤ መጣሁ። አፉ ከባድ ሰው ነው፤ ከሚናገረው የሚያስለው ይበዛል። ማሽኑን ዞሮ አየው፣ ቆጣሪውን አየው።

«ይሄ የአዳራሽ ነው» አለ። «እዚህ ቢበራ ትንፋሽ ሳትጨርሱ አሙቆ ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሣል፣ ደግሞ ይጠፋል። ሲነሣ ቆጣሪያችሁን ይጥላል። በሙቀት ወራት ደግሞ እርጥበቱን ሳይጠጣ ስለሚጠፋ ግድግዳው ይሻግታል። እናንተን ትንሿ ትበቃለች። የውጭው ግድግዳ ብሎኬት ስለሆነ እዚያ ትሰቀላለች።»

ጋሼ ውኃውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ሰምተውታል። ባልዲውን አስቀመጡ።

«ይሄ ያንቺ ሰው ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ የእኔ ሰው ነው።»

«ትንሿን ይውሰዷት ያልሽውም አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

«እና ምን ፈልገሽ ነው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ኧረ ምንም፣ ለእናንተ ብዬ ነው» እል ነበር። ግን እኚህ ሰው ‹ለእናንተ ብዬ› ከሚል ሰው ስንት ዘመን እንደሸሹ አሁን ገባኝ።

«ለራሴ ነው ጋሼ» አልኩ። «በብርድ ጣቴ ይደርቅና መርፌ አይይዝልኝም። በሙቀት ላቤ ነጭ ቀሚስ ላይ ይንጠባጠባል፤ ሦስት ሙሽሮች ተጣልተውኛል። ብቻዬን ማሽን ለመግዛት አቅም የለኝም። እርስዎም ይሄን ጉድ ከገዙ በኋላ ብቻዎን አይችሉም። ትንሿን አብረን እንግዛ። እርስዎ ጋ ትሰቀል። ይሄን ቀዳዳ አንድፈነው፤ አስተካክለን እንተወው፣ ሙቀቱ ወደ እኔ ይለፍ። ሰውየው ከታችም አንድ ክፍተት ካበጀልን ብርዱ በታች ይመለሳል ብሎኛል።»

ቴክኒሻኑ አሳለ። እውነት ነው ማለቱ ነው።

ጋሼ እንደ ገበያ ቀን ፊታቸውን ሰብሰብ አድርገው ይጠይቁኝ ጀመር።

«የምታገኚው ምንድነው?»

«ሙቀት።»

«ሌላስ?»

«በሙቀት ወራት ቅዝቃዜ።»

«ሌላስ?»

«ግማሽ ዋጋ።»

«የሚጎዳሽስ?»

«የሕፃን ለቅሶ። የእርስዎ ማንኮራፋት። እስከ ዛሬ በቺፑድ ተጣርቶ ነበር የሚመጣው።»

እትዬ አፋቸውን በነጠላ ጫፍ ሸፈኑ። ጋሼ አልሳቁም። ባልዲውን በእግራቸው ወደ ጎን ገፋ አድርገው፦

«በሕይወቴ የራሱን ሰሃን አስቀድሞ ያሳየኝ ሻጭ አንቺ ብቻ ነሽ» አሉ። «ሁሉም የእኔን ሰሃን ነው የሚያሳየኝ።» ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ የምለውን አርባ ዓመት ሙሉ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ እትዬ። «ልጄ ትምጣ።»

ትልቁ ማሽን መመለስ ነበረበት። የአሮጌ ዕቃ ነጋዴው የሸጠውን መልሶ አይገዛም፤ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ግን እወስዳለሁ አለ። በኪሎ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ አፈሩ፣ ግን ኀፍረታቸው የነጋዴውን ሚዛን እስኪያዩት ነው የቆየው። ገለበጡት፣ ከሥሩ የተለጠፈ ነገር ፈልቅቀው አወጡ፣ ሰውየው ፊት ላይ አወዛወዙት። ከዚያ ቤት የወጡት ዓመት በዓል የደረሰላቸው ልጅ መስለው ነው።

ትንሿን ስንገዛ ሁለታችንም ሄድን። ጋሼ ሚዛናቸውን ይዘው ነበር፤ ግን ከቦርሳ አላወጡትም። እጃቸው ብቻ ሁለቴ ወደ ቦርሳው ገብታ ወጣች። ከረባታሙን ሻጭ «ስትሸጥልን የምታገኘው ምንድነው?» ብለው ጠየቁት። ሰውየው ግራ ገብቶት ነገራቸው። «ጥሩ» አሉ፣ ከፈሉ።

ቴክኒሻኑ ማሽኗን ብሎኬቱ ላይ ሰቀላት። የወደቀውን ቺፑድ ቆርጦ ቀዳዳውን እንደ መስኮት አራት ማዕዘን አበጀው፣ በቀጭን እንጨት አጠረው፤ ታች ወለሉ ጋ ላለው ክፍተት እኔ መጋረጃ ሰፋሁለት። ስትበራ ድምጿ ከስፌት መኪናዬ ያንሳል። ጋሼ ከፊቷ ቆመው የእጃቸውን ጀርባ ዘርግተው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥተው አሸተቷት፣ ምንም አይሸትም። ከዚያ በላይኛው ቀዳዳ ወደ እኔ አሾልቀው፦

«ደረሰሽ?»

«ደርሶኛል ጋሼ።»

«ምን ያህል?»

«ካልሲዬን አውልቄያለሁ።»

ብቸኛው ጠብ ሪሞቱ ማን ጋ ይደር የሚለው ነበር። እኔ ጋ ካደረ አቃጥላቸዋለሁ፣ እሳቸው ጋ ካደረ ያበርዱኛል። በክር አሥረን ቀዳዳው መሐል አንጠለጠልነው። አንዱ ሲነካው ሌላው ያያል።

ልጅቷ በሰላም ተገላገለች፤ ወንድ ነው። የሚቀረው ከሆስፒታል ወዴት እንደምትሄድ ነበር። አባቷ ደውለው «ቤቱ ሞቋል» ብለው ስልኩን ዘጉት፤ እሷ የመለሰችውን እንኳ አልሰሙም። እትዬ አልጋውን ሦስት ጊዜ አነጠፉ። እኔ ስፌት የያዝኩ መስዬ ቀዳዳው ሥር ተቀመጥኩ።

ረፋዱ ላይ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ልጅቷ ሕፃኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ታቅፋ ገባች። ከኋላዋ አማቷ። ካፖርታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል፣ የእጅ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

«እንየው ብዬ ነው» አሉ ቆመው። «ካልተመቸ መኪናው ታች እየጠበቀ ነው።»

ልጅቷ አልተቀመጠችም። ዓይኗ ከማሽኗ ወደ አባቷ ሄደ። አማቷ ግድግዳውን በመዳፋቸው ነኩ፣ የመስኮቱን ስንጥቅ በጣታቸው ተከተሉ፣ አልጋው ሥር ጎንበስ ብለው አዩ። ጋሼ በዓይናቸው እየተከተሉ ደረታቸው ተነፋ፤ የሙያ ባልደረባ ያገኙ ይመስሉ ነበር።

«ይሄ ቀዳዳ ወዴት ነው?» አሉ አማቷ።

«ወደ እኔ ነው እመቤቴ» አልኩ ከወዲያ። ሴትዮዋ ደንገጥ አሉ።

ሕፃኑ ተንቀሳቀሰ። ልጅቷ ጉንጩን በጣቷ ነካችው። ከዚያ ሳትቸኩል ብርድ ልብሱን ከላዩ ገፈፈች፣ ቀጥሎ የሱፍ ሹራቡን። ሕፃኑ እግሩን ዘረጋና አዛጋ። ልጅቷ የራሷን ጫማ አውልቃ አልጋው ላይ ወጣች፣ ጀርባዋን ለእናቷ ትከሻ ሰጠች።

«እማዬ» አለች፣ «ሻይ አለ?»

እትዬ ትከሻቸውን ሳያነሡ በእጃቸው ስኒ ፈለጉ። ጋሼ ደግሞ ወደ ቀዳዳው ሹልክ ብለው መጡ፣ አፋቸውን እንጨቱ ላይ አስጠግተው፦

«ሴትዮዋ ካፖርቷን አወለቀች» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ታዲያ ደስ አይልም? ሞቋቸው ነዋ።»

«ምስማር ላይ ሰቀለችው። ለምንድነው የሰቀለችው? ልታድር ነው እንዴ? እስቲ ስንት ቀን እንደምትቆይ ቀስ ብለሽ ጠይቂልኝ።»

«እኔ ምን አገባኝ ጋሼ?»

«ማሽኑ የጋራ ነው» አሉኝ። «ግማሹ ያገባሻል።»